መስኮቱ ላይ የተረሳው ብልቃጥ

«ላቦራቶሪ ውስጥ መጮህ ክልክል ነው» የሚለውን ወረቀት በሩ ላይ የለጠፈችው ራሷ ኃላፊዋ ናት። ሐሙስ ጠዋት ሕንፃውን በጩኸት ያናጋችውም እሷው ናት።

ነገሩ የወንድሟ አውራ ጣት ነው። ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው፤ መቀስ የሚይዝበት ጣቱ መርፌ ከወጋው በኋላ አብጦ፣ ቆስሎ፣ እብጠቱ በክንዱ ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ተደርድሮ መውጣት ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ቅባት አልመለሰው፣ ክኒን አልበገረው። ቀዶ ሐኪሙም «ወደ አጥንቱ እየተጠጋ ነው፤ ምንነቱን እስከ ሐሙስ ካላወቅን ጣቱን እንቆርጣለን» ብሎ ቁርጡን ነገራቸው።

እሷም የቁስሉን ናሙና በብልቃጥ በብልቃጥ አድርጋ፣ ኢንኩቤተር በሚሉት፣ የሰው ገላ ያህል በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። የቁስሉ ጀርም በቅሎ ማንነቱ እስኪታይ፣ ሕፃን እንዳስተኛች እናት ከፈት እያደረገች ስታይ ከረመች። ምንም አልበቀለም።

ሐሙስ ጠዋት መስኮቱ ጥግ፣ ከጓንት ካርቶኑ ጀርባ አንድ ብልቃጥ አየችና ደሟ ፈላ።

«ይሄን እዚህ የጣለው ማነው? ናሙና እንደ ሻይ ብርጭቆ ይረሳል?»

የሥራ ባልደረባዋ ብልቃጡን አገላብጣ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «አለቃዬ፣ ጽሕፈቱ የአንቺ ነው።»

እውነትም የእሷ ነው። ናሙናውን የተቀበለች ቀን ወንድሟ «ሚጣ፣ ጣቴን በክብር ቅበሪልኝ» ብሎ ቀልዶባት፣ እንባዋን እየጠረገች ስታሰናዳ አንዷን ረስታታለች። ልታፍር ስትል ዓይኗ ብልቃጡ ውስጥ አረፈ። እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ የሆነ ነገር ቦግ ብሎ በቅሏል!

ያኔ ነው የጮኸችው።

ከቢጫው ቆንጥራ፣ ቀለም አስነክታ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋች። ቀያይ ቀጫጭን ዘንጎች! የቲቢ ዘመድ ነው፤ ግን የቲቢው ምርመራ ቀድሞ «የለም» ብሏል፣ ቲቢም መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ አያድግም። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የሚወድ፣ ብርሃን ሲያይ ቢጫ የሚሆን...

«ውሃ!» አለች። «ይሄ ከውሃ የመጣ ነው!»

ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ወንድሟ የቀዶ ጥገና ጋውን ለብሶ አልጋ ላይ ተቀምጦ የጋውኑን ስፌት እያማ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ እጅህን ውሃ ውስጥ የምትከተው ምን ስትሠራ ነው?»

«ምን እሠራለሁ? የዓሣዎቼን ገንዳ አጥባለሁ።»

ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እንዳይሰለቸው የሚያሳያቸው ዓሣዎች አሉት፤ እያንዳንዱን ዓሣ፣ ልብስ አሰፍቶ ሳይከፍል በጠፋ ደንበኛ ስም ይጠራዋል።

«በባዶ እጅህ? መርፌ በወጋው ጣት?»

«ታዲያ ለዓሣ ብዬ ጓንት ላጥልቅ? ሙሽራ ነኝ?»

«ለምን አልተናገርክም!»

«ማን ጠየቀኝ? ሁላችሁም ስለ መርፌው ብቻ ነው ያደረቃችሁኝ።»

አልጋው አጠገብ የቆመው ቀዶ ሐኪም ግንባሩን ቋጠረ። «ሳጥኑ ውስጥ ያሉትስ ለምን አልበቀሉም?»

«ሞቋቸው ነዋ! ይሄ የቲቢ የአክስት ልጅ ሙቀት አይወድም። ለዚህ እኮ ነው እጁ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ገላው ያልዘለቀው። እኔ ደግ ነኝ ብዬ አሙቄ አፈንኩት!»

ሐኪሙ ላቦራቶሪ ድረስ ወጥቶ በዓይኑ አየ። ሲመለስ «ልብስህን ልበስ» አለው ልብስ ሰፊውን። «ሁለት መድኃኒት አብረህ ትወስዳለህ፣ ለወራት። ሻለኝ ብለህ ብታቋርጥ ግን መቀሱን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።»

አላቋረጠም። እብጠቶቹ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ከሰሙ፤ አጥንቱም ሳይነካ ቀረ። ላቦራቶሪው ውስጥ ከዚያ ወዲህ ከቆዳ ቁስል የሚመጣ ናሙና ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ሞቅ ያለ፣ ግማሹ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጣል። በሩ ላይ ካለው ወረቀት ሥርም ባልደረባዋ «ቢጫ ሲታይ ይፈቀዳል» ብላ ጽፋበታለች።

ልብስ ሰፊው በዳነው ጣቱ መጀመሪያ የቆረጠው ጨርቅ የእህቱ ነጭ ጋውን ሆነ። ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች።

«አንዱ እጅጌ አጥሯል።»

«ጣቴ ገና ከሕመም መነሳቱ ነው፣ ሚጣ፤ ታገሺው» አላት፣ መቀሱን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ።