ፎጣው ትከሻዋ ላይ ነበር

ደም ማየት አትወድም። ግን ቦክሰኛው ታናሽ ወንድሟ ከውጭ አገር አሰልጣኝ ሲመጣለት «እትዬ፣ አንቺ የእንግሊዝኛ መምህርት አይደለሽ? አስተርጉሚልኝ» ብሎ ስለለመናት፣ የሪንጉ ጥግ ቆመች።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደህና ነበር። ኋላ ግን «መዶሻ» የሚሉት ባላጋራው የወንድሟን ግራ ቅንድብ በግንባሩ ተረተረው። በእረፍቱ አሰልጣኙ ደሙን ጠራርጎ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣለና ሊከራከር ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሮጠ። ደወሉ ሲደወል ገና እዚያው ማዶ ነበር።

መዶሻ ፋታ አልሰጠም። ጎኑን አለው፣ መንጋጋውን ደገመው። ወንድሟ ገመዱ ላይ ተለጠፈ፤ እጆቹ ወረዱ፤ የጥርስ መከላከያው በደም ተለውሶ ተፈናጠረ። ሕዝቡ «ጨርሰው! ጨርሰው!» ይላል።

አሰልጣኙ ከማዶ እጁን እያወናጨፈ «ስሮው ኢን ዘ ታወል!» ብሎ ጮኸባት።

ይህችን ፈሊጥ ስንት ዓመት አስተምራታለች! «ተስፋ መቁረጥ፣ እጅ መስጠት ማለት ነው። ሥራም፣ ትዳርም፣ ትምህርትም በቃኝ ላለ ሰው ይባላል። ፎጣውን እርሱት፤ ፎጣ የለም» ስትል ተማሪዎቿ ይስቁ ነበር። አሁንም እንዳስተማረችው ተረጎመችው።

«በቃኝ በል ይልሃል! እጅ ስጥ!»

«ሞቼ እገኛለሁ!» አለ ወንድሟ፣ ደም እየተፋ።

መዶሻ በግራ አነሳው፣ በቀኝ መለሰው። አሰልጣኙ የራሱን ትከሻ እየደበደበ፣ ወደ እሷ ትከሻ እየጠቆመ «ታወል! ታወል!» አለ። ያኔ ገባት፤ ለካ ግጥሚያው እንዲቆም ፎጣውን ወርውሪ ነው የሚላት። በደም የራሰውን ፎጣ መንጭቃ ወደ ሪንጉ ወረወረችው። የመሃል ዳኛው ዘሎ ሲገባ አንድ ቡጢ ቀድሞት ነበር። ወንድሟ በግንባሩ ተደፋ።

ሐኪሞቹ መንጋጋውን በሽቦ አሰሩት። ግራ ዓይኑ ጠፋ፤ እሱ ግን «ይመለሳል» ብሎ ድርቅ አለ። ሽቦው ሲፈታለት እህቱ አጠገቡ ሆና አለቀሰች።

«ዘገየሁብህ፣ ወንድሜ። ቶሎ አልገባኝም።»

«መዘግየትሽ መች አናደደኝ? መወርወርሽ እንጂ! ማን ወርውሪ አለሽ? ቆሜ ነበር እኮ! ደግሞ እገጥመዋለሁ።»

ደሟ ፈላ። ሳታስበው ቀኝ እጇ ተነሳና ግራ ጉንጩን በጥፊ አጮለችው። ተንገዳግዶ ግድግዳውን ያዘ። ሁለቱም ደነገጡ።

«አላየሁትም» አለ፣ ጉንጩን እየዳሰሰ። «እትዬ፣ እጅሽ ሲመጣ እኮ ጭራሽ አላየሁትም።»

አቅፋው ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ስለ መዶሻ አንስቶ አያውቅም።