አባ ጌርሃርድ

በታች ጋይንት ይርዳውን የሚያክል ተቆጪ አልተፈጠረም። እሱ ሲቆጣ አርብ ገበያ የታሰሩ አህዮች ጆሯቸውን ይጥላሉ፤ ማዶ ስማዳ፣ ወገዳ ላይ የተኙ ውሾች ምን መጣ ብለው ይነሣሉ። በጃንሆይ ዘመን፣ ጣሊያን ከወጣ ዓመታት ካለፉ በኋላ የተቆጣው ቁጣ ግን የቁጣዎች ሁሉ አባት ነበር። የተቆጣው ለስም ነው። ያውም ለሰው ስም!

አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ ለድልድይ የሚሆን ቦታ ሊያጠና ወደ ቆላው ወርዶ ወባ ጣለው። አስተርጓሚው አስማረ፣ የደብረ ታቦር ልጅ፣ በቃሬዛ አሸክሞ ያደረሰው ይርዳው ደጅ ነው። ይርዳው የራሱን አልጋ ለቀቀለት። በግ አረደለት፤ በጉ በሬ ያክል ነበር፤ ቆዳውን ሁለት ሰው አልቻለውም። ሚስቱ ቦጋለች ያንን በግ ጠቦት ነበር ትላለች፤ እሷ ነገር ማሳነስ ልማዷ ነው።

እንግዳው ላቡ ወጥቶ ቀና ሲል፣ ይርዳው ራስጌው ተቀመጠ።

"ስምዎን ማን ልበል?"

"ጌርሃርድ።"

"ትርጉሙስ?"

ጀርመኑ አስማረን አየው፤ አስማረ ጀርመኑን አየው።

"እስከ ዛሬ ትርጉሙን የጠየቀው ሰው የለም" አለ አስማረ።

"በስመ አብ! ይኼን ሁሉ ዘመን ምን እንደሆነ የማያውቁትን ነገር ተሸክመው ይዞራሉ?"

ጀርመኑ አፈረ። ግንባሩን ይዞ ሲያስብ ቆየና፣ አያቱ የነገሩትን አስታወሰ። የጥንት ጀርመኖች በዱር ውስጥ የሚኖሩ፣ ጦር ከእጃቸው የማይለይ ሰዎች ነበሩ። ልጅ ሲወለድ አባት ከአንዱ ዘመድ ስም ግማሹን፣ ከሌላው ዘመድ ስም ግማሹን ወስዶ ይገጥማል። "ጌር" ጦር ነው፤ "ሃርድ" ጽኑ፣ ብርቱ ማለት ነው። ስሙ እንዲህ ተገጥሞ ወጣ።

"ጦረ ብርቱ!" ይርዳው ከመደቡ ዘሎ ተነሣ። "ስም ማለት እንዲህ ነው! ከዚያስ? ማን ማን ተጠራበት?"

"መጀመሪያ ተዋጊዎች። ክርስትና ሲገባ ጳጳሳትና መነኮሳት። እያደር ገበሬው፣ ከዚያ ከተሜው ሁሉ። እኛ ሰፈር እንኳ ሦስት ጌርሃርድ አለ። አንዱ ጥርስ ይነቅላል፣ አንዱ ዳቦ ይጋግራል፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ።"

"ጋጋሪው ጦር አለው?"

"መጋገሪያ ውስጥ ጦር ምን ያደርግለታል?"

ቁጣው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። "አባቶቻችሁ በደም ያወጡትን ስም ሊጥ ውስጥ ነከራችሁት! ስንት ጀግና የፎከረበትን ስም ጥርስ ነቃይ ይጠራበት! አገር ሙሉ ሰው አንድ ተቆጪ የለውም?" እያለ እስኪመሽ ድረስ የጀርመንን ሕዝብ በሌለበት ገሠጸው። የታመመው ሰው ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ሳበ።

ሰውየው ድኖ ወደ ድንኳኑ በተመለሰ ሰሞን ይርዳው ፍርዱን ሰጠ። ዳማ ፈረሱን አስወጥቶ፣ ቀይ የኮርቻ ልብሱን፣ መረሻቱን፣ አልብሶ፣ በሰው ፊት ስም አወጣለት፦ ጌርሃርድ። ፈረሱ ጌርሃርድ ከሆነ ጌታው አባ ጌርሃርድ ነው። መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ ይርዳው ምን ጎደለው? ወንድ ልጅ አልተወለደለትም፤ ጉልበቱም ከዓመት ዓመት እየከዳው ነው። በጉግስ ሜዳ የሚጠራበት፣ ሲሞትም አልቃሽ የምታነሣለት ስም ከዚህ ሌላ የለውም።

ጎረቤቱ ካሴ ይኼ አንገበገበው። በየጥምቀቱ በጉግስ የሚገጥሙት ሁለቱ ናቸው፤ ካሴ ለፈረሱ ያወጣውን ስም ደግሞ ከራሱ ከካሴ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሄዶ ምስለኔው ዘንድ ከሰሰ፦

"ጌታዬ፣ ይርዳው የመንግሥትን እንግዳ ስም ለእንስሳ ሰጠ። ጀርመኑ የሰማ ቀን ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ድልድያችንም ቀረ ማለት ነው!"

ምስለኔው ድልድይ ቀረ የሚለውን ሲሰማ ላብ አጠመቀው። ይርዳውን አስጠርቶ "ስሙን ለውጥ፤ አለዚያ ዘንድሮ ጥምቀት ጉግስ ሜዳውን እንዳትረግጥ" አለው።

"በሕግ አምላክ!" ብሎ ጮኸ ይርዳው። ያን ጩኸት ንፋስ መውጫ ድረስ የሰማው ሰው አለ። "ባለስሙ ይጠየቅልኝ!"

ባለስሙ ተጠርቶ መጣ። ሸንጎው ዋርካው ሥር ነው፤ ሕዝቡ ከሦስቱም አገር፣ ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ ጎርፏል። አስማረ ክሱን ሲያስረዳው የጀርመኑ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ።

"ፈረስ?" አለ። "ስሜን ለፈረስ?"

"ይኸው!" አለ ካሴ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። "አላልኋችሁም?"

ይርዳው ነጠላውን አጣፍቶ መሀል ወጣ። የዝንብ ጭራውን እያወናጨፈ፦

"እኔ ቁጣዬን ሳልጨርስ እርስዎ ይቆጣሉ? ስሙን ለጋጋሪ ስትሰጡ ማን ጠየቃችሁ? ጥርስ ነቃዩን ማን ሸንጎ አቆመው? እኔ ስምዎን ከሊጥ አውጥቼ ጦር ሜዳ መለስሁት! ለፈረሴ ሰጠሁት ማለት ለራሴ ሰጠሁት ማለት ነው። ከእንግዲህ በሰው ፊት የምጠራው በርስዎ ስም ነው። የሞትሁ ቀን ፈረሴ ባዶ ኮርቻውን ተጭኖ ለቅሶ ሜዳ ሲዞር፣ ሴቶቹ 'አባ ጌርሃርድ' እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። የገዛ አገርዎ ሰው ለስምዎ ደረቱን መትቶለት ያውቃል? ለስምዎ ለቅሶዬን ሰጠሁት! ከዚህ ወዲያ ምን ይሰጣል?"

አስማረ ይህን ሲተረጉም ድምፁ ተሰበረ፤ ያንን ዋርካው ሥር የነበረ ሁሉ መስክሯል። ጀርመኑ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ልጄ ሲወለድ ይኼን ስም ላውጣለት ብዬ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "እናቱ አርጅቷል ብላ እምቢ አለች።"

"አርጅቷል!" ይርዳው በንዴት መሬቱን ረገጠ። "ጦር ያረጃል እንዴ?"

"አልተከፋሁም በሉልኝ" አለ ጀርመኑ። "ክብር ነው። ይህን ክብር አልረሳውም።"

ምስለኔው በረጅሙ ተነፈሰና ስሙን ለፈረሱ አጸና። በጥምቀት ይርዳው ጉግስ ሜዳ ገባ፤ ሕዝቡ "አባ ጌርሃርድ!" ሲል ታቦታቱ የቆሙበት ሜዳ ተናወጠ። የወረወረው ዘንግ ከካሴ ጋሻ ላይ ነጥሮ እስቴ ላይ ወድቋል፤ እስካሁን አልተገኘም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማን በጠላ!

ከጥምቀት በኋላ በነበረው አርብ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ ከላይ በኩል የአስማረ ድምፅ ተሰማ።

"ሂድ ይርዳው! ምን ይገትርሃል ይርዳው! ኧረ ይኼ ይርዳው ምን ዓይነት ደረቅ ነው!"

ይርዳው ማን ደፈረኝ ብሎ ዞረ። አንድ ፍሬ አህያ፣ ጀርባው የተላጠ፣ የመሐንዲሱን ብረትና ባለሦስት እግር መነጽር ተጭኖ ይመጣል። ጀርመኑ ከጎኑ ነው፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል። ይርዳውን ሲያይ የአህያውን አንገት ደባበሰ።

"ክብርህን መለስሁልህ ይላል" አለ አስማረ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "በየሄደበት ስምህን ይዞ ሊዞር ነው። አባ ይርዳው በሉኝ ይላል።"

መጀመሪያ የሳቀው ካሴ ነው። እህል በረንዳው ላይ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ።

"እሰይ አባ ጌርሃርድ! ክብር ነው ብለህ በሸንጎ አልተሟገትህም? እንግዲህ ክብርህን ተቀበላ!"

ይርዳው አፉን ከፈተ። ስድብ ነው ቢል፣ እሱም እንግዳውን ሰድቦ ነበር ማለት ነው፤ ፈረሱ ስሙን ያጣል፣ እሱም ለቅሶውን። ክብር ነው ቢል፣ ይርዳው እየተገረፈ በገበያ መሀል ብረት ሊሸከም ነው። ዓይኑ ደም ለበሰ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ አህያው ተራመደና የጭነቱን ገመድ በጩቤ በጠሰው። ብረቱ መሬት ላይ ተንኳኳ።

"ንጉሥ ይሙት!" አለ። "የኔ ስም ብቻውን ሙሉ ጭነት ነው፤ በላዩ ብረት አይጨመርበትም! እንግዳዬ ይኼን አላወቁም፤ አልፈርድባቸውም። የመጣሁባትን ሰጋር በቅሎዬን ይውሰዱ፤ ዕቃቸውን ትሸከም፣ ስሟንም የወደዱትን ይበሏት። ይኼ ግን ከእኔ ጋር ይገባል!"

ጀርመኑ በቅሎ በአህያ ተለውጦለት፣ የዚህ አገር ሰው ክብሩ መጨረሻ የለውም እያለ ሄደ። ይርዳው አህያውን እየሳበ፣ ካሴ ከኋላው "ሁለታችሁም ደኅና ግቡ!" እያለው፣ ቤቱ ደረሰ።

ቦጋለች ደጁ ላይ ቆማ አየችው።

"በቅሎዋስ? ይኼስ ማነው?"

"ይርዳው ነው።"

"አንቱ ነዎት ይርዳው።"

"እሱም ነው። ውኃ እንዳታስቀጂው፣ እንጨት እንዳታሸክሚው! በዚህ ቤት ይርዳው የሚባል አንዳች ነገር አይሸከምም!"

ቦጋለች አህያውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ጭድ አቀረበችለት።

"እሱስ ድሮም አይሸከምም" አለች። "ይኼኛው ዝም ካለ ይበቃኛል።"

አህያው ቀና ብሎ፣ ወገዳ እስኪሰማ ድረስ አናፋ።