የአዲሱ መደብ ቁመት

ባለቤቴ ሲቲ ሃያ ዓመት ሙሉ «ይህን ማድቤት እናድሰው» ስትለኝ፣ «ምን ጎደለው?» እያልኩ አልፋት ነበር። ባለፈው ሳምንት እጇ ተሰበረና ማብሰሉ እኔ ላይ ወደቀ። በሦስት ቀን ውስጥ የበሩ ጉበን ግንባሬን ሁለቴ መታኝ፣ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለው፣ ጉልቻው ላይ ማጎንበሱ ወገቤን ቆረጠኝ።

«ይህን የሠራ ደደብ ማነው?» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ ነህ» አለችኝ ከበረንዳው።

በማግስቱ ከአርጆ ግንበኛ አስመጣሁ። በመስኮቱና በጭስ መውጫው ላይ ተስማማን።

«ኦቦ፣ የማብሰያው መደብ ምን ያህል ከፍ ይበል?» አለኝና ሜትሩን ይዞ ቁመቷን ሊለካ ወደ ሲቲ ሄደ።

እሷ በደህናው እጇ ወደ እኔ አመለከተችው።

«እሱን ለካው።»

ሳልከራከር ቀጥ ብዬ ቆምኩ።