የሞዴሏ ምዝገባ

በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የአዲሱ ወሰነ ትምህርት ምዝገባ የተጀመረ ዕለት ሰልፉ ከመዝጋቢዋ መስኮት ተነስቶ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ እስከ ሸክላ ክፍሉ በር ደርሶ ነበር። በሰልፉ መሃል፣ የወረቀት ጥቅል በብብታቸው በያዙ ልጆች ተከባ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ቆማለች። ልጆቹ እትዬ ፀጥታ ይሏታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የንድፍ ክፍሉ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሳል የኖረች ሞዴል ናት። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ቢያርፍ እንኳ ንቅንቅ አትልም፤ ስሙም የወጣላት ለዚህ ነው።

ተራዋ ሲደርስ መዝጋቢዋ ቀና ሳትል፣ «እትዬ፣ የሞዴሎች ፊርማ በወዲያኛው መስኮት ነው» አለቻት።

«እሱስ ጠፍቶኝ አይደለም። ልመዘገብ ነው።»

«ለማን?»

«ለራሴ ነዋ!»

መዝጋቢዋ አሁን ቀና አለች። ቅጹን ተቀብላ ብታገላብጠው የጎደለ ነገር የለም፤ ፎቶው ተለጥፏል፣ ማስረጃው ተያይዟል፣ የትምህርቱ ዓይነት «መሠረታዊ ንድፍ፣ ክፍል ሀ» ይላል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ በጣቷ ተከትላ አየች።

«ክፍል ሀ ሰኞ ጠዋት ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሞዴሏ እርስዎ ነዎት።»

«ክፍል ለስ?»

«ሐሙስ ነው። እሱም እርስዎ ነዎት።»

ከኋላ የቆመችው ተማሪ ሳቋ አመለጣት። መዝጋቢዋ ግን መምህሩ ካልፈረመበት ምንም ማድረግ እንደማትችል ተናግራ ቅጹን መለሰችላት። እትዬ ፀጥታ የሳቀችውን ልጅ ተራዋን እንድትይዝላት አዝዛ ወደ ላይ ወጣች።

የንድፍ መምህሩ ቢሮው ውስጥ የተሰበረ የጄሶ ጭንቅላት በሙጫ እያጣበቀ ነበር። ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እርስዎ ከተማሩ ማን ይቀመጥልናል?»

«ሰው አመጣለሁ።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይነቃነቅ የሚቀመጥ ሰው ከየት ይገኛል እትዬ?»

«ታላቅ ወንድሜ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው እሱ ነው።»

መምህሩ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ጣቶቹ በሙጫ ተለቅልቀው ስለነበር ብዕሩን በጫፉ ይዞ፣ ፊርማውን እንደ ነገሩ አሰፈረ።

ወንድሟ አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ነገሩን ስትነግረው መጀመሪያ የጠየቃት፣ «ልብስ ያስወልቁኛል እንዴ?» ብሎ ነው።

«ኮትህን እንኳ የሚነካብህ የለም፣ ወንድም ጋሼ።»

«ማውራትስ ይቻላል?»

«እሱ ክልክል ነው።»

«ምነው ልብሱን ባስወለቁኝ!» አለ። ሰኞ ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ከእሷ ቀድሞ በሩ ላይ ተገኘ።

መቀመጡስ ተቀመጠ፤ ነገር ግን ቀኝ እግሩ አላርፍ አለ። በየደቂቃው ወለሉን ይረግጣል። መንገድ ላይ ሰው የገባበት ይመስል አንዳንዴ ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ተማሪዎቹ እግሩን ሠርተው ያጠፋሉ፣ ደግመው ሠርተው ያጠፋሉ። እትዬ ፀጥታ እግሩን አላየችውም። ከሁሉም በፊት እጆቹን ጀመረች።

መምህሩ ዞር ዞር ሲል መጥቶ ከጀርባዋ ቆመ። «እጅ መጨረሻ ላይ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ አጠቃላዩ ቅርጽ ይያዝ» አላት።

«መጨረሻ ላይ ልጆቹ ሰዓት ያልቅባቸዋል» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጅ የሌለኝ ሴት ሆኜ ነው የኖርኩት። አንዱ ጓንት ያጠልቅልኛል፣ አንዱ ኪሴ ውስጥ ይከተዋል። ኪስ ያለው ቀሚስ ኖሮኝ አያውቅም።»

መምህሩ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ አንድ ነገር ጫረና አለፈ። ምን እንደጻፈ አልታወቀም።

ሰዓቱ ሲያልቅ ወንድሟ ወገቡን እያሻሸ ከወንበሩ ተነስቶ ወረቀቷን አየ። ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለው፤ መሪ የለቀቁ፣ ጉልበት ላይ የተቀመጡ ትልልቅ እጆች። የራሱን እጅ ገልብጦ ተመለከተ።

«ጭንቅላቴስ የታለ?»

«ለሚመጣው ሰኞ።»

«እስከዚያ እንዴት ልሁን ታዲያ?» አለና ኮቱን ቆለፈ። በሚቀጥለው ሰኞ ከቤቱ ትራስ ይዞ መጣ።