ገመድ ነው፣ ያለ ሰው አይሄድም

ጃርሶ ሠላሳ ዓመት መሪ ሲይዝ እንደዚያ ሳምንት ተጨንቆ አያውቅም። ነገሩ ለሌላ ሰው ቢነገር ያስቃል፤ አንዲት ትንሽ ፊያት ከአንድ ትልቅ መኪና ኋላ በምን ታስራ ትጎተት የሚል ነበርና።

ትልቁ መኪና የልደታ ሰው "ቤት መኪና" የሚለው ነው። ድሮ አንድ የውጭ ድርጅት ለመሬት ጥናት ያመጣው፣ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው፣ መስኮቱ በመጋረጃ የተሸፈነ ጉድ ነበር። ሲወረስ የጃርሶ መሥሪያ ቤት እጅ ገባ። አሁን ባለሙያዎች ሐዋሳ አጠገብ ካለ አንድ የመንግሥት እርሻ ሊከርሙ ስለሆነ፣ እሱ ቀድሞ መኪናውን እንዲያደርስ ታዘዘ። ያ ግዙፍ ነገር አንዴ እርሻው ላይ ከቆመ ሽንኩርት ለመግዛት ተነስቶ ከተማ አይገባም። ስለዚህ ለመላላኪያ ፊያቷ አብራ ትሂድ ተባለ። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ጊዜ ሁለቱንም ማስነሳት አይታሰብም፤ ትጎተት ተብሎ ተወሰነ።

ጃርሶ ትእዛዙን ሲሰማ ሐሳቡ ወደ ፊያቷ አልሄደም፤ ወደ ልጁ ወደ ሚደቅሳ ሄደ። "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" የሚለው መፈክር በየአጥሩ የተጻፈበት ጊዜ ነው። ሁሉም ነገር ሲባል ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው ጎረምሳ ነው። የሚደቅሳ እኩዮች በአፈሳ ተለቅመው አልቀዋል፤ አንዱ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። ከሄዱት የተመለሰ የለም፤ መርዶ የሚያረዳም አልመጣም። ሚደቅሳ ራሱ ከመስቀል ወዲህ ጓዳ ውስጥ ተሸሽጎ ከርሞ ፊቱ ጨለማ ውስጥ እንዳቆጠቆጠ ድንች ነጥቷል። ጃርሶ ከእሱ ሌላ ልጅ የለውም። የቃሊቲን ኬላ አልፎ አርሲ ነጌሌ፣ ከእናቱ ወንድም ዘንድ ከደረሰ ግን ይተርፋል። እዚያ አጎቱ እርሻው ውስጥ ያኖረዋል፤ ዕድሜውን የሚቆጥርበት የቀበሌ ሰው የለም።

ሚስቱ ደሚቱ አልጋው ሥር ደብቀው አለችው። ጃርሶ ተቆጣ። ኬላ ጠባቂ ቤት መኪና ሲያይ ምን ሊያደርግ ኖሯል? መጋረጃ ይገልጣል፣ አልጋ ያነሳል፤ እሱ ራሱ ቢሆን ያንኑ ያደርጋል። የተደበቀ ሰው ይፈለጋል፣ ሥራ ላይ ያለን ሰው ግን ማንም ልብ አይለውም አላት። ልጁን በጠራራ ፀሐይ፣ በሁሉም ፊት፣ የፊያቷ መሪ ላይ ሊያስቀምጠው ቆርጧል።

ጌጃ ሰፈር በከር የሚባል መካኒክ ጓደኛ አለው። ጋራዥ ብሎ የሚጠራት አንዲት የቆርቆሮ ጥላ ናት፤ ዝናብ ሲመጣ እሱና መኪናው ተራ ይገባሉ። በከር ፊያቷን ዞሮ ዞሮ አያትና መንገዱን ነገረው። የፊት ጎማዎቿን ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ሰቅሎ ማሰር ይቻላል፤ ወይ ደግሞ ሁለቱን መኪኖች በብረት ዘንግ ማያያዝ ነው። በሁለቱም መንገድ ፊያቷ እንደ ጭራ ትከተላለች፤ መሪ የሚይዝላት ሰው አያስፈልጋትም። ገመድም አለ፣ ግን ገመድ ይላላል፣ ይወጠራል፣ ይበጠሳል። ከኋላ መሪና ፍሬን የሚይዝ ሰው ካልተቀመጠ አይሆንም።

"ሐዋሳ ድረስ በገመድ የሚጎትት እብድ ነው" አለው በከር። "ሁለት ቀን ስጠኝና ብረቱን በይጄ ልስጥህ።"

ጃርሶ ግን የፈለገው ያንኑ የገመዱን ጉድለት ነበር። በብረት ቢጎትት ጠባቂው፣ ይሄ ጎረምሳ ባዶ መኪና ውስጥ ምን ጎልቶታል ማለቱ አይቀርም። በገመድ ከሆነ ግን መልሱ አብሮ ታስሯል፦ ገመድ ነው፣ ያለ ሰው አይሄድም። ይህችን ቃል ሲላጭም፣ ጫማውን ሲያስርም ሲለማመዳት ሰነበተ። ምክንያቱን ለበከር አልነገረውም፤ ያን ጊዜ ለወንድምም የማይነገር ነገር ብዙ ነበር። ቸኩያለሁ ብቻ አለው። በከር የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ ተረተበትና፣ እያጉረመረመ ወፍራም የቃጫ ገመድ ደርቦ ገመደለት። ፊያቷ ላይም ባትሪ ገጠመላት። የቤት መኪናው የጀርባ ግድግዳ ሰፊ ስለሆነ ፊያቷን በስፖኪዮ አታያትም፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው የሆነ ነገር ሲገጥመው ክላክስ ያድርግልህ ሲል አስጠነቀቀው።

ማክሰኞ ማለዳ ሚደቅሳ የአባቱን ዘይት የጠጣ ቱታ ለብሶ ፊያቷ ውስጥ ገባ። ደሚቱ ዳቦ በመሀረብ ቋጥራ ሰጠችው፤ ጎረቤት እንዳያይባት እንባዋን ዋጠች። ጃርሶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

"ከመሪው እንዳትወርድ። መሪው ላይ ሳለህ ሠራተኛ ነህ፤ ከወረድክ የአፈሳ ሲሳይ ነህ። ክላክስ ደግሞ ምንም ቢሆን እንዳትነካ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየሃል። ኬላውን እስክናልፍ ዝም ነው።"

"ገመዱ ቢበጠስስ፣ አባባ?"

"እኔ ይሰማኛል። ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ።"

ሚደቅሳ እሺ አለ። እሺ ማለትን የተማረው ከዚሁ ከአባቱ ነው፤ በዚያ ቤት አባት የተናገረው ሁለት ጊዜ አይጠየቅም።

እስከ ሜክሲኮ ያለው መንገድ አሳር ነበር። ልጁ መንዳት የለመደው በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ያውም ከዓመታት በፊት ነው። ፍሬን ሲያበዛ ገመዱ ይወጠርና ቤት መኪናው ወደ ኋላ ይያዛል፤ ሲለቅ ይላላል፣ መልሶ ይገጫል። ጃርሶ በየግጭቱ ይሳደባል፤ በሆዱ ግን ግጭቱን ወዶታል። በገጨ ቁጥር ልጁ ከኋላ አለ ማለት ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ አንድ አውቶቡስ ፊቱ ተደነቀረበትና ቆመ። ሲነሳ አንዴ ያዝ አደረገው፤ ከዚያ ለቀቀው። ትንሽ እንደሄደ ሌላ አውቶቡስ መንገዱን ዘግቶ ከአደባባዩ ማዶ ደግሞ ጥቂት አቆመው። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ተከፈተ፣ መኪናው ያለ አንዳች መንገጫገጭ መሄድ ጀመረ።

ለመደ፣ አለ ጃርሶ ለራሱ። የኔ ልጅ ለመደ።

ከመስቀል ወዲህ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሎት አያውቅም። ለገሃርን አለፈ፣ የደብረ ዘይትን መንገድ ያዘ፤ ሳያስበው ማንጎራጎር ጀመረ። ልጁን በሐሳቡ አርሲ አደረሰው፣ ከአጎቱ ጋር አሳረሰው፣ ጦርነቱንም አስቆመውና ዳረው። መንዳት በደም ነው የሚወረሰው እያለ ኩራት ቢጤም ተሰማው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ጃርሶ ዓመቱን ሙሉ ሲጠረጥር ኖሮ በዚያች ጧት ብቻ አልጠረጠረም።

ቃሊቲ ኬላው ላይ አንድ ወጣት ጠባቂ እጁን አነሳ። ቤት መኪናው ውስጥ ገባ፤ መጋረጃ ገለጠ፣ አልጋ አነሳ። ጃርሶ ደሚቱን አሰባትና፣ አላልኩሽም፣ አለ በልቡ። ጠባቂው ሲወርድ ሳይጠየቅ ተናገረ።

"ከኋላ ያለው ልጅ ረዳቴ ነው። ገመድ ነው፣ ያለ ሰው አይሄድም።"

ጠባቂው ወደ ኋላ ዞረ። ሲመለስ ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነበር።

"የትኛው ልጅ?" አለ። "ገመዱንስ ይሰብስቡት አባት፣ መሬት ለመሬት እየተጎተተ አለቀ እኮ።"

ጃርሶ ሜክሲኮ ድረስ እንዴት እንደተመለሰ አያውቅም። ፊያቷ አደባባዩ ዳር ተገፍታ ቆማለች፤ የእጅ ፍሬኗ ልጁ እንደተማረው ተስቧል። በሯ ክፍት ነው። ውስጧ ሰው የለም።

ከዳር ካለች ሱቅ ዙሃራ የምትባል ባለሱቅ ወጥታ ያየችውን ነገረችው። ልጁ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ፊት ለፊቱን እያየ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ነበር። መንገደኛ ገፍቶ ዳር ሲያስይዘው እንኳ ቀና አላለም። በሰንጋ ተራ በኩል አፈሳ ስለያዙ ውረድና ሱቄ ግባ ብላው ነበር፤ ከመሪው አልወርድም አላት። ኋላ የአፋሾቹ የጭነት መኪና መጣ። ሠራተኛ ነኝ ብሎ አስረዳቸው። የሚጎትትህ የታለ አሉት።

ዙሃራ እዚህ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። ጃርሶ ጨርሺው አላት።

"መጀመሪያ ሲበጠስ የእርስዎ መኪና ገና አልራቀም ነበር፤ ያው እዚያ ማዶ አውቶቡስ ዘግቶበት ቆሞ ነበር። ክላክስ አድርግ፣ ይሰሙሃል አልኩት። እጁን አስጠጋና መልሶ አነሳው። አባባ እንዳትነካ ብሎኛል አለኝ።"

ጃርሶ ፊያቷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የዳቦው መሀረብ እንደተቋጠረ ወንበሩ ላይ አለ። እጁን ሰዶ ክላክሱን ተጫነው። ጮኸ፤ በከር ባትሪውን ደህና አድርጎ ገጥሞት ኖሯል። አደባባዩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ጃርሶ አለቀቀውም። አፋሾቹን መርገም ፈልጎ ነበር፣ መንግሥትንም ጦርነቱንም፤ እርግማኑ ግን ራሱ ላይ እየወደቀ አስቸገረው። ልጁን አፈሳ አልያዘበትም፤ የያዘው የአባቱ ቃል ነው። ዙሃራ እጁን ይዛ ከክላክሱ ላይ አነሳችለት።

ለደሚቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ሲያስብ አንድ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። አደባባዩ ተጨናንቋል፣ የመንግሥት ንብረት እንዲህ ሜዳ ላይ አይጣልም፣ ገመዱም እኮ ተቀጥሎ ይበቃል፣ እሰራትና ቶሎ አንሳ አለው።

ጃርሶ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀና ብሎ አየው።

"ገመድ ነው" አለ። "ያለ ሰው አይሄድም።"