ትራስ በደቡብ፣ ትራስ በሰሜን

አትሹት፣ አትሹት ይላል እኮ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የታመመ ገላ ስታገላብጥ የኖረች ነርስ ናት ዘርፌ፣ ሱዳን ኦምዱርማን ሆስፒታል ስንቱን ስታነሣ ስንቱን ስታስተኛ ወገቧ የጎበጠ፣ ዛሬ ደግሞ የወንድሟ የልጅ ልጅ፣ የትናንቷ ፀደይ፣ እማማ እጅዎን ያንሡ ትላታለች፣ እጇ ቅቤ እንደተቀባ አየር ላይ ቀርቷል። ያንሡ። በምን ሥልጣን።

በስልክ ሥልጣን።

እስቲ አምጪው፣ ልየው፣ ትላለች፣ መነጽሯን ፍለጋ ደረቷን ትዳብሳለች፣ ግንባርዎ ላይ ነው እማማ፣ አውቃለሁ። ስልኩ መስተዋቱ በጥጉ የተሰነጠቀ ነው፣ አፑን ፀደይና ሌሎቹ የነርስ ተማሪዎች ከመምህራቸው ከንጉሴ በብሉቱዝ የተቀባበሉት፣ ኔትወርክ ባይኖርም የሚሠራ፣ የመኝታ ቁስልን የሚያስተምር፣ ሥዕል አለው፣ ጥያቄ አለው፣ ሲስቱ ቀይ ሲያገኙት አረንጓዴ ያበራል፣ ለእረፍት አገራችሁ ስትገቡ አልጋ የያዘ ሰው ሁለት ሳምንት ተከታትላችሁ በዚሁ መዝግቡ ተብለዋል፣ ፀደይ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም፣ አያቷ መሪጌታ ተክለ ማርያም ከፋሲካ ወዲህ ከወገባቸው በታች አልታዘዝ ብሏቸው እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤታቸው ተኝተዋል። ዘርፌ ታነባለች። የቀላ ወይም የሞቀ ቦታ በፍጹም አይታሽ፣ ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል።

በፍጹም።

እሷ የተማረችው ሌላ ነው፣ ስፒሪት አፍስሺ፣ በመዳፍሽ እያዞርሽ እሺ፣ ደሙ ይንቀሳቀስ፣ ከዚያ ፓውደር፣ አለቃዋ እንዲህ አስተማረቻት፣ እሷም ለስንት ልጃገረድ አስተማረች፣ ስፒሪት ባይኖር ቅቤ ምን ይላል ብላ ነው ዛሬ ጠዋት የጀመረችው፣ ኦምዱርማን አልጋ ቁጥር አሥራ ሁለት የነበሩት ሽማግሌ፣ ዳሌያቸው የተከፈተው፣ አንድ ሳምንት ሙሉ በትጋት አሽታቸው፣ በትጋት፣ ልጄ ተባረኪ እያሏት፣ ማን ይንገራት ታዲያ፣ በሁለት ቋንቋ ታነብ ነበር፣ መጽሐፍ ብቻ የሞላው ሻንጣ ይዛ ነው የተመለሰች፣ ታሪክ ስታነብ ልብ ወለድ ስታነብ ሙያዋ ጥሏት ሄደ።

ግን እጅ አትሰጥም። ሥዕሉን ታየዋለች፣ የፈረንጅ ዳሌ፣ እንደ በርበሬ የቀላ፣ እሰይ፣ አገኘችው። አንቺ፣ ይሄ ስልክሽ ጥቁር ሰው አያውቅም? በማን ገላ ላይ ነው እንዲህ የሚቀላው? ፀደይ አትደነግጥም፣ ያውቃል እማማ፣ ወደ ታች ይግፉት፣ በጥቁር ቆዳ ቅላት ላይታይ ይችላል፣ በእጅ ጀርባ ዳስሱ፣ ሙቀቱንና መጠጠሩን ከአጠገቡ ካለው ገላ ጋር አስተያዩ ይላል። ዘርፌ ጠዋት በእጇ ያገኘችው ይኸው አይደል፣ የወንድሟ ቀኝ ዳሌ ላይ፣ ከአመድ የወጣ ድንች የሚያህል ትኩሳት፣ ቆዳው ገና አልተከፈተም፣ ከተከፈተ ግን በሰባ ስምንት ዓመት ገላ ላይ አይዘጋም፣ የሞት መግቢያው እሱ ነው የነፍስ መውጫውም እሱ ነው፣ ይህን ስልክ ሳይነግራት ታውቃለች።

ስልኩ ይጮሃል። ሁለት ሰዓት ሞላ፣ ወደ ሌላው ጎን ያዙሩ።

አባባ፣ እናዙርዎት፣ አልዞርም፣ ትናንትም አልዞርም ዛሬም አልዞርም፣ ስድሳ ዓመት ፊቴን ወደ ምሥራቅ አድርጌ የቆምሁ ሰውዬ አሁን ብተኛ ጀርባዬን ለመቅደስ ልስጥ? ትራሳቸው በደቡብ ነው፣ በቀኝ ጎናቸው፣ ፊታቸው ወደ በሩ፣ ከበሩ ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ፣ በግራ ይተኙ ሲባሉ ግድግዳ ነው የሚያዩት። ጋሼ፣ ይቆስላሉ አንቱ፣ ትላለች ዘርፌ፣ ልቁሰል፣ ኢዮብም ቆስሏል፣ ኢዮብስ ቢያንስ ይገላበጥ ነበር፣ አንቺ ምላስሽን ካርቱም አልተውሽውም፣ አልተውሁትም ጋሼ፣ የተውሁት ሌላ ነው። ሌላ ነው። እሳቸው ቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ሲያስመሰክሩ ስንቅ የተሸከመችው ማን ሆነና፣ ፊደል ቁጠሪ ያላት አልነበረም፣ ከአጥር ሥር ሰምታ ነው የለየችው፣ ከዚያ ድንበር፣ ከዚያ ሰው አገር፣ ይቅር አሁን።

ፀደይ አትለምንም፣ አታለቅስም፣ ስልኩን ታየዋለች አልጋውን ታየዋለች፣ በሩን፣ ጉልላቱን፣ ከዚያ ትራሱን ከአያቷ ራስ ሥር ቀስ አድርጋ ትስበውና ወስዳ ግርጌ ታስቀምጠዋለች።

ምን ልትሆን ነው ይቺ ልጅ።

አባባ፣ ራስጌውን ግርጌ ካደረግነው በግራ ጎንዎ ተኝተው ፊትዎ ወደ መቅደስ ነው፣ በየሁለት ሰዓቱ ትራስዎ ይዞራል እንጂ ምሥራቅዎን ማንም አይነካም። መሪጌታው በዓይናቸው ይለካሉ፣ ደቡብ፣ ሰሜን፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ስልኩ ነው ይህን የነገረሽ? ስልኩማ ያዙሩ ብቻ ነው ያለኝ፣ ስለ መቅደስ ምን ያውቃል።

ዘርፌ ቅቤውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተነሥታለች፣ አትጎትቺው፣ ቆዳው ይላጣል፣ አንሶላውን ጠቅልለሽ ያዥ፣ በእኔ በኩል፣ ጉልበትሽን እጠፊ እንጂ ወገብሽን አትጠፊ፣ እንደኔ ትቀሪያለሽ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ጾም ያከሳው ገላ እንደ ገለባ ይነሣል፣ ይዞራል፣ በግራ ጎኑ ይቀመጣል፣ መቅደሱ ወዴት ነው? ፊት ለፊትዎ። መሪጌታው ያዩታል። ሳቃቸው ሳል ይሆናል፣ በሉ፣ አግኝታኛለች።

በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን፣ ስልኩ ይጮሃል ትራስ በሰሜን፣ ይጮሃል ትራስ በደቡብ፣ በመሃል በጀርባ ጥቂት፣ ፊት ወደ ሰማይ ነውና ለዚያ ክርክር የለም፣ ለጠያቂ ሁሉ የሚያወሩት እሳቸው ሆነዋል፣ የልጄ ልጅ አልጋዬን ቅኔ አስዘረፈችው እያሉ፣ ጎረቤታቸው ስንዱ የአማቷን አልጋ አዙሪልኝ ብላ መጥታለች፣ ዘርፌ በሩ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች፣ መጽሐፍ ከፍታ፣ አንድ ገጽ ላይ ከጠዋት ጀምሮ፣ መጀመሪያ የተሰማት ቅናት ነበር፣ አትክድም፣ አሁን ግን የቅናት አይመስልም፣ ቅናት አያስቀምጥም፣ ይሄ ቀና አድርጎ ያስቀምጣል፣ ያ የጎበጠ ወገብ።

እማማ፣ ይምጡ፣ እርስዎ ይዳስሱ፣ የእኔ እጅ ይዋሻል ብዬ ፈራሁ።

ትሄዳለች። የእጇን ጀርባ ወንድሟ ቀኝ ዳሌ ላይ ታሳርፋለች፣ ከዚያ ከአጠገቡ፣ ከዚያ እንደገና ዳሌው ላይ፣ ትቆያለች፣ ሽማግሌውም ይታዩዋታል፣ አልጋ አሥራ ሁለት፣ ይቅር ይበሏት፣ በትጋት ነበር። አንዱና ሌላው እኩል ነው። ለስላሳ ነው። ቀዝቅዟል፣ ጻፊ፣ ትላለች፣ ፀደይ ትጽፋለች፣ ማን መረመረ ይላል እማማ፣ ሲስተር ዘርፌ፣ መምህርት ልበል?

ንጉሴ የሚሉት መምህርሽ ያነበዋል አይደል ይህን።

ያነበዋል።

እንግዲያስ ዘርፌ በይ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ።