የጥፊ ትምህርት

"ዘንጉን አቀጠንከው! ስንቴ ልንገርህ?" ብሎ ጮኸና ኃይለየሱስ ኢተፋን ጆሮ ግንዱ ላይ በጥፊ አጮለው። ብረት መቅረጫው ቶርኖ ግን ገና አልቆመም። የተንገዳገደው ኢተፋ እንዳይወድቅ እጁን ሲዘረጋ፣ የሚሽከረከረው የፓምፕ ዘንግ እጅጌውን ይዞ ክንዱን ጠመዘዘው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ፤ ደሙም ፈሰሰ። የሥራ ባልደረባው ሌንሳ ሮጣ ማሽኑን ባታጠፋው ኖሮ ክንዱ እዚያው ይቀር ነበር።

ኃይለየሱስ ሙያውን የተማረው በጥፊ ነው። የያኔው አለቃው መዳፍ ግራ ጆሮውን አደንቁሮታል፤ ይህንንም እንደ ዲፕሎማ ያወራዋል። አሁን ዓይኑ እየደከመ ስለመጣ፣ አዳማ ያለችውን ትንሽ ወርክሾፕ የሚረከበው ሰው ካላገኘ መዝጋቱ ነው። የሚቀጥራቸው ሁሉ ግን መዳፉን እየቀመሱ ይሄዳሉ። የቀሩት ኢተፋና ሌንሳ ብቻ ነበሩ፤ ለእነሱም ቢሆን አንድ ዕቃ እንኳ በራሳቸው ለክተው ለደንበኛ እንዲያስረክቡ ፈቅዶ አያውቅም።

"ልደግፍህ፣ ወንድሜ" ብሎ ኃይለየሱስ ኢተፋን ተጠጋው።

ኢተፋ በደህና እጁ አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። "የልጆች አባት ነኝ እኮ! ከብት መሰልኩህ?"

የኃይለየሱስ ከንፈር ተሰነጠቀ። የሁለቱም ደም ሸሚዛቸው ላይ ተቀላቀለ። ሌንሳ መሐል ገብታ እየገፈተረች አላቀቀቻቸው።

"በቃ! በኋላ ተገዳደሉ! አሁን ክንዱን እንሰር!"

በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱት። ነርሷ ጨርቁን እየፈታች "ምን አገኘው?" አለች።

"ማሽን" የሚለው ቃል ኃይለየሱስ አፍ ውስጥ ነበር። ቶርኖ እጅ መብላቱን ማን ያጣዋል? ማንም አይጠረጥርም። ኢተፋ ከአልጋው ላይ አፍጥጦ ያየዋል። ኃይለየሱስ እስሩን ፈራ፤ ሐፍረቱ ግን ከፍርሃቱ በለጠ።

"እኔ መታሁት። ማሽኑ የያዘው ከዚያ ወዲያ ነው።"

"እንግዲያው ፖሊስ ይጠራል።"

"ይጠራ።"

ሌንሳ እንባዋን ጠረገች። "ጋሼ፣ የዓለም ጤና ከተማው ገበሬ ዛሬ የፓምፑን ዘንግ ሊወስድ ይመጣል። ውሃ አጥቶ ሽንኩርቱ እየደረቀበት ነው።"

"ሂጂና ሌላ ሥሪለት።"

"ማን ይለካዋል?"

"አንቺ።"

"እርስዎ ሳያዩት?"

ኃይለየሱስ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ጠረገው።

"ሳላየው ስጪው" አላትና ፖሊሱን ሊጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።